የጠዋቱ የመጀመሪያ ባቡር

ውድ ሎሬታ፣

ካርዱ ላይ የምታዪው አሁን የምሠራበት የኦሃዮው መዝናኛ ፓርክ ሮለር ኮስተር ነው፤ ባቡሩ ዳገት ቁልቁል የሚወረወርበት የእንጨት ሐዲድ። ዛሬ ጠዋት በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት፣ ሐዲዱን የጠገኑት አናጢዎች ራሳቸው ቀድመው ተሳፈሩ፤ እንደኛው ከተማ ልማድ። ሽማግሌው ስታንኮ ጠራኝ፦ «ኢንጂነሯ፣ ነይ ተሳፈሪ! ወይስ ትምህርትሽ ወረቀት ላይ ብቻ ነው?» ተሳፈርኩ። ቁልቁል ስንወረወር እንጨቱ ሲያቃስት ሰማሁ፤ ግን አልፈራሁም።

ስንወርድ «እናንተ ዘንድስ ማን ይቀድማል?» አለኝ።

«ዘንድሮ የአሸዋ ከረጢት» አልኩት። ሳቁ ጠፋ።

እዚያ እኛ ፓርክ ሁለተኛው ዳገት ሥር ያለው ምሰሶ በስብሷል፣ አልሳፈርም ስላልኩ ባለቤቱ ሆልበርት እንዳባረረኝ ታውቂያለሽ። አናጢዎቻችንም እምቢ ሲሉት ምሰሶውን ነጭ ቀለም አስቀብቶ ባቡሩ ላይ አሸዋ ጫነ። አሸዋ እምቢ አይልም። ቅዳሜ ሲከፈት ግን የሚሳፈሩት ልጆች ናቸው።

ወንድምሽን ዴኒን እንዳትልኪው። እናትሽን ሳሚልኝ። ቦታ አለቀብኝ። እዚያ እናንተ ጋ ፖስታ ቤት ያለችው ሚስስ ግሪር የሰው ካርድ እያነበበች ለከተማው ሁሉ እንደምታወራ አውቃለሁ፤ ፖስታ ውስጥ ያላሸግኩትም ለዚሁ ነው።

ኮሪን