ጥር ይሻላል ያልሁህ የባቡር ትርኢት

ቃለ ሕይወት፣

ተኝተህ ነበርና አልቀሰቀስሁህም። ለዛሬው የሞዴል ባቡር ትርኢት ሐዲዱንና ፉርጎዎቹን በባጃጅ ጭኜ ወደ አዳራሹ ሄጃለሁ።

ያለፈውን ትርኢት ስናቅድ እንደ አሁኑ ጥር ይሻላል ብዬህ ነበር። አየሩ ደረቅ ነው፣ ሐዲዱ የሚያርፍበት ጣውላ አያብጥም፣ ከተማውም በጥምቀት እንግዳ ይሞላል። አንተ ግን «ተማሪ የሚያርፈው በነሐሴ ነው» ብለህ ድርቅ አልህ።

በነሐሴ ባቡራችን ሰው ፊት ሲገለበጥ «ክረምት አይሆንም አላልሁህም?» ብዬ ጮኽሁብህ። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ ከ«በሩን ዝጋው» ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ሰባታሚት ሰፈር ሌላ ቤት መከራየትህን እንኳ የሰማሁት ከአከራያችን ከእትዬ አገርነሽ ነው። አንተ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ቁርስ ድስቱ ውስጥ አለ።
ቧንቧውን አጥብቀህ ዝጋው፣ ያንጠባጥባል።

ያን ቀን ጣውላው አላበጠም ነበር። የሐዲዱን መታጠፊያ ብሎን ማጥበቅ የረሳሁት እኔ ነኝ። ቤት ስንመለስ አይቼው ዝም አልሁ።

ባቡሩን የሚስበውን ሞተር አልወሰድሁትም። የሠራኸው አንተ ነህ፣ ያላንተ አልነካውም። ትርኢቱ በአራት ሰዓት ይጀመራል። ይዘኸው ከመጣህ አብረን እናስኬደዋለን። ካልመጣህም ባዶው ሐዲድ አጠገብ ቆሜ፣ ጥፋቱ የማን እንደነበር ለመጣው ሰው ሁሉ እናገራለሁ።

ሕዝቅኤል