በምርቃት የገባች እንቁላል

ጥር 5፣ ማክሰኞ
ለልደታና አካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ! አባባ ሞቱማ ለሦስት ቀናት የጠፋባቸውን የግራ ካልሲ ዛሬ ጠዋት አግኝተዋል። ቀኝ እግራቸው ላይ። ደርበውት ኖሯል። ሕዝቡ ወደ ሥራው ይመለስ።

መግለጫውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። የልጅ ልጄ ለሊሴ አልሳቀችም። የሥነ ምግብ አማካሪ ናት፤ የሀገሪቱ ልጆች ምን ይብሉ ብላ መንግሥትን ታማክራለች። ራሷ ቁርስ ሳትቀምስ ነው የምትወጣው።

"ምን ሆንሽ?"
"እንቁላሏን ሊያወጧት ነው፣ አባባ።"
"ከየት?"
"ከሕፃናት አመጋገብ መመሪያው!"

ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ሁለት ዓመት እስኪሆነው በቀን አንድ እንቁላል ያግኝ፤ ለድሃ እናቶች በየጤና ጣቢያው ይታደል። ይችን አንድ መስመር ለማስገባት ሁለት ዓመት ለፍታለች። አሁን የኮሚቴው ሰብሳቢ በ"እንደ አቅም" ትተካ ይላሉ አሉ። እንደ አቅም... አቅም ለሌለው ምን ማለት ነው? በጨዋ ቋንቋ "ተወው" ማለት አይደል?

ጥር 8
መመሪያው የሚታይበትን ስብሰባ በምርቃት የሚከፍቱት ሽማግሌ ጉንፋን ያዛቸው። ለሊሴ መጣች፣ አንገቷን ደፍታ።

"አባባ፣ ሐሙስ ይመርቁልናል? ሁለት ደቂቃ ብቻ። ግን ቀልድ የለም!"
"መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?"

ካልሲዬን አየችው።

ጥር 13
ምርቃት ተለማመድኩ። ድመቷ አሜን አላለችም።

ጥር 14፣ ሐሙስ
ሜክሲኮ፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ። መጀመሪያ ሻይ። ከሻዩ ጋር ምን ቀረበ? እንቁላል ሳንዱች! ሰብሳቢው አቶ ወልደአማኑኤል ሁለት በሉ። ቆጥሬያለሁ። "ሀገሪቱ እንቁላል አትችልም" ይሉኛል፣ አፋቸው ሞልቶ።

ከዚያ ተነሣሁ። ሁሉም ቆሞ መዳፉን ዘረጋ።

"ሀገራችንን ሰላም ያድርግልን።"
"አሜን!"
"ዝናቡን በወቅቱ ያዝንብልን።"
"አሜን!"
"እኔን ለሰማንያ አንድ ዓመት ያበቃኝ እናቴ በየጠዋቱ ያበላችኝ እንቁላል ነው። ለሁሉም ልጅ ያድርስልን።"
"አሜን!"
"መመሪያው ላይ ያለችውን እንቁላል ከሚነካ እጅ ይሰውርልን።"

እርስ በርስ ተያዩ። ግን ሽማግሌ እየመረቀ መዳፉን የሚያጥፍ ማን አለ? "አ...ሜን።" ሰብሳቢውም አሉ፣ ፍርፋሪው ጺማቸው ላይ እንዳለ።

ገና ሳንቀመጥ ኢሊሊ የምትባል የተክለ ሃይማኖት ጤና ጣቢያ ነርስ እጇን አወጣች። "ክቡር ሰብሳቢ፣ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አሜን ብሏል። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።"

"እሱ ምርቃት ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም!"

"ታዲያ አሜን ያሉት ለቀልድ ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለሊሴ ብቻ ወለሉን ታያለች።

ጥር 15
"አባባ፣ ከሥራዬ ሊያስባርሩኝ ነው! 'ሽማግሌ አሠልጥና አመጣችብን' እያሉ ነው።"
"ምን አጠፋሁ? መረቅሁ።"
"ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር መሳቂያ ሆነ!"

በሯን ዘጋች። ለምሳም አልወጣችም። ካሳቅኋቸው በኋላ እንደ ቀልድ ቢሰርዙትስ? ይቅርታ ልበላት? ይቅርታ ስጠይቅ ደግሞ የማሾፍ ይመስልብኛል...

ጥር 26
መመሪያው ጸደቀ። እንቁላሏ አለች፤ "እንደ አቅም" የለችም። ሰብሳቢው በመጨረሻ "አንዴ አሜን ብለናል፣ ምን ይደረጋል" አሉ አሉ። ለሊሴም ከሥራዋ አልተነቃነቀችም። እኔ ግን ተባርሬያለሁ። አዲስ ደብዳቤ ወጥቷል፤ እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች አነበበችልኝ፦ "በስብሰባ መክፈቻ የሚቀርብ ምርቃት ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ለአስተያየት ይቅረብ።" በስተርጅና ደንብ አስወጣሁ!

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "እናትዎ ግን እውነት በየጠዋቱ እንቁላል ያበሉዎት ነበር?"

"በየጠዋቱ" አልኳት።

ለደብተሬ እንኳ እውነቱን ልናገር። ፈጠራ ነው። ሆለታ ሳለን እናቴ እንቁላል የምታጠራቅመው ለገበያ ነበር፤ በጨውና በላምባ ይለወጣል። እኔ የበላሁት አንድ ጊዜ ነው። ኩፍኝ ይዞኝ፣ አይተርፍም ሲባል፣ አንዷን ቀቅላ ሰጠችኝ። ተረፍኩ። ሌላ ትሰጠኛለች ብዬ ከዚያ በኋላ ሁለቴ ለመታመም ሞከርኩ። አልሆነልኝም።