ከኖዣን የሚመጣው ባቡር

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ ባስትያንስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹ መንገድ ላይ ባገኛቸው የማላውቃቸው ሆነው ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። እኔ እዚህ ፓሪስ ደህና ነኝ። ፀጉር ቤቱም እንደምታውቂው ነው፣ ከሚቆረጠው ፀጉር የሚቆረጠው ወሬ ይበዛል። አባባ ግን ዘንድሮ ወደ ሻርትር አልሄዱም።

የተፋታ ሰው አገባች ብለው ከሠርግሽ ከቀሩ ወዲህ አንድም ዓመት አጓድለው አያውቁም ነበር። በየጰራቅሊጦሱ ከሰበካው ሰዎች ጋር ሦስት ቀን በእግራቸው እየሄዱ የሻርትርን ካቴድራል ይሳለማሉ። ዘንድሮ ሐኪሙ ልባቸውን አዳመጠና በእግር መሄድ ቀርቷል አላቸው። ለእኔ ለብቻዬ የነገረኝን አልጽፍልሽም።

እንግዲያው በባቡር እንሂድ ስላቸው ተቆጡ። ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው፣ "ተቀምጦ የሚሳለም ማንን አየሽ?" አሉኝ። እኔም ነገሩን ሳልተወው፣ ከጣቢያው እስከ ደጁ ያለው ዳገት ለእሳቸው ልብ የሚሆን መሆኑን ለማየት ባለፈው አርብ ብቻዬን ሄድኩ።

ታውቂኛለሽ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን የምገባው ለሠርግና ለቀብር ነው። ጫካው አልቆ ሜዳው ሲጀምር ባቡሩ ውስጥ ሳንድዊቼን እየበላሁ ነበር። ከተማ የለም፣ ቤት የለም፣ እስከ ሰማዩ ጫፍ ስንዴ ብቻ ነው። ድንገት ከስንዴው መሃል የካቴድራሉ ሁለት ማማዎች ብቅ አሉ፤ አንዱ ረጅምና ያጌጠ፣ አንዱ አጠር ያለና ልሙጥ። አጠገቤ ስልኳን ስትነካካ የነበረችው ልጅ እንኳ ቀና አለች። የጎረስኩትን ሳልውጥ ቀረሁ።

ካቴድራሉ ከውስጥ መጀመሪያ ጨለማ ነው። ዓይንሽ ሲለምድ ሰማያዊው ይመጣል። ከባለቀለም መስታወት መስኮቶቹ ወርዶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ እጄን ስዘረጋ መዳፌ ላይ አረፈ። እህቴ፣ እኔ የፀጉር ቀለም ስበጠብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የማንንም ራስ አይቼ ምን ከምን እንደተቀላቀለ እነግርሻለሁ። ያንን ቀለም ግን ከምን እንዳመጡት አላውቅም። የሠሩት ሰዎች ስማቸው እንኳ አልቀረም። ፈራሁ፤ ደግሞ በዚያ ሁሉ ከፍታ ሥር ትንሽ መሆኔ ደስ አለኝ። እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ እንጃ።

ወለሉ ላይ በድንጋይ የተሠራ ትልቅ ክብ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። በሌላው ቀን ወንበር ይደረደርበታል፤ አርብ አርብ ወንበሩ ይነሳና ሰው ጫማውን አውልቆ ይዞርበታል። እኔም ገባሁ። መሃሉ አጠገብ ያደርስሽና፣ ደረስኩ ስትዪ መልሶ ወደ ዳር ይወስድሻል። ሁለት ጊዜ ተናድጄ ላቋርጥ አሰብኩ። የሚያቋርጥ ሰው ስላጣሁ አፍሬ ቀጠልኩ። መሃሉ ላይ ስቆም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ።

ስመለስ ይህንን ለሙሴ ቲቦ አወራሁለት፤ ከታች ፎቅ ያለው፣ የአባባ የሻርትር መንገድ ጓደኛ። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

"አባትሽ ከደረስን በኋላ ከእኛ ጋር ቢራ ጠጥቶ አያውቅም። ወደ ጣቢያው ይወርድና ከማዶው መድረክ ላይ፣ የኖዣን ባቡር የሚቆምበት ጋ ይቆማል። አንዱ መጥቶ ይሄዳል፣ ሌላው መጥቶ ይሄዳል፤ አይሳፈርም። ሲመሽ ከእኛ ጋር ወደ ፓሪስ ይመለሳል። እኛ እኮ ባቡር የሚወድ መስሎን ነበር።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ካርታ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሻርትር ለካ በእኛና በአንቺ ኖዣን መሃል ናት። ያን ሁሉ ሜዳ በእግራቸው አቋርጠው፣ የቀረችዋን ትንሽ መንገድ ተቀምጠው መሄድ ከበዳቸው። ኩራት ነዋ! አንቺስ ከማን ወረስሽው?

ማታውን፣ ዳገቱ አጭር ነው፣ አግዳሚ ወንበርም አለው፣ እሱን በእግርዎ ከወጡ ይቆጠርልዎታል አልኳቸው። ከሙሴ ቲቦ የሰማሁትን አላነሳሁም። ከዚያ፣ "ከማዶው መድረክ ላይ መቀመጫ አሁንም አለ?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

እንግዲህ የምንሄደው የሚመጣው አርብ ሳይሆን ቀጣዩ አርብ ነው። ፀጉር ቤት በአርብ ፈቃድ እንደማይሰጥ ታውቂያለሽ፤ ማዳም ኦዲል "ሰው ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ። "ገና ነው፣ ለዚህ እኮ ነው የምለምንሽ" አልኳት። ፈቀደችልኝ። አንቺም የጠዋቱን ባቡር ያዢ። እኛ ቀድመን ደርሰን እዚያው መድረክ ላይ እንጠብቅሻለን። ባስትያንን ለአሁኑ ተይው፣ ነገሩን በአንድ ጊዜ አናክብደው። ከቀረሽም አልቀየምሽም፤ ብቻ ወደ ሌላ አርብ አታስተላልፊው፣ እባክሽ።

ይህንን የምጽፍልሽ ከአባባ ተደብቄ ነው። እመጣለሁ ብለሽ ብትቀሪ አይችሉትም ብዬ አንድም ቃል አልነገርኳቸውም። አሁን ግን ልዘጋው ስል በሩን ገፋ አድርገው፣ ወረቀቱን ሳያዩ፣ ለመንገዱ አራት ሳንድዊች አዘጋጂ አሉኝ። ለሁለት ሰው አራት? ብዬ ቀና አልኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ "አንዱን ሰናፍጭ እንዳትቀቢው" አሉኝ።

እዚህ ቤት ያለ ሰናፍጭ የሚበላ ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ። ማን ይበላዋል ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ባስትያን ሰናፍጭ ይወድ እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ እስከዚያች አርብ ሁላችንንም በጤና ያቆየን።

ዳቦውን የምትቀባው ታናሽ እህትሽ