እትዬ በእግሯ የቆመች ዕለት

ኅዳር 3

እትዬ ዛሬ ደህና አደረች። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ብታስነጥስ እንኳ ይማርሽ የምላት ከአልጋዬ ሆኜ ነው። በሽታው ቀኝ ጎኗን ከመታት ወዲህ እጇ ትንሽ መነሳት ጀምሯል። እግሯ ግን አሁንም የሷ አይመስልም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቀሚስ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ዛሬ የራሷን ቁልፍ ሰው ይቆልፍላታል።

ሹፌሩ ልጇ ደውሎ ነበር። የጭነት መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበታል። ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባለች።

"ሴት ከሆነች በስሜ ጥራት" አለችው።

"እማ፣ በስምሽ ከጠራናት እንደ አንቺ ተሳዳቢ ትሆናለች።"

ሳቀች። አፏ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚስቀው... እሱም ያምርባታል።

ዳቦ ቤት ሥራ በዝቶ ነበር፣ ከሽያጭ ጠረጴዛው ፈቀቅ አላልኩም። ወገቤ የለም። ሌላ ወሬ የለኝም።

ኅዳር 9

ቢጫዋ መጣች። ስም አላት፤ ግን በሚያለብሷት ቢጫ ሰደርያ የተነሳ ሰፈሩ በሙሉ ቢጫዋ ነው የሚላት፣ እሷም አቤት ትላለች። መንግሥት ትምህርት የጨረሱ ልጆችን ለአንድ ዓመት ያሰማራል፣ አገልግሎት ይሉታል። አንዱ ዛፍ ይተክላል፣ አንዱ መንገድ ይጠርጋል፣ የኛዋ የታመመ ሰው ቤት ትዞራለች።

ከወራት በፊት መጀመሪያ ሳያት "ይቺ ክር የምታክል ልጅ ማንን ልታነሳ ነው?" ብዬ ነበር። አነሳቻት! ብብቷ ሥር ገብታ፣ እቅፍ አድርጋ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ። ታጥባታለች፣ እጇን ታሽላታለች፣ እግሯን ታጥፋለች ትዘረጋለች። እኔ ሥራ ላይ ስሆን ሳልሳቀቅ የምውለው በሷ ነው።

"እማማ፣ ይሄን እግር ካላጠፉልኝ አልሄድም።"

"እንግዲያውስ አላጥፍም። አትሂጂዋ!"

ሲጣሉ ደስ ይሉኛል። ልጅቷ ነርስነት ልትማር ነው የምታስበው። የአገልግሎቱን ምስክር ወረቀት ካላገኘች ግን አይቀበሏትም።

ኅዳር 17

ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። አገልግሎቱ ለውጥ አምጥቷል ወይስ የመንግሥት ገንዘብ ባክኗል፣ ቤት ለቤት ዞረው ሊጠይቁ። ቢጫዋ ስትነግረን ፊቷ ልክ አልነበረም።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ እትዬ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆየችና፣ "ዳቦዬ" አለችኝ። ሥራዬን ነው ስም ያደረገችልኝ። "ሰማያዊውን ቀሚሴን ተኩሺልኝ።"

"የት ልትሄጂ?"

"ልቆም ነው። አልጋ ላይ ተጋድሜ ካገኙኝ፣ ይቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር አይሉም?"

እውነቷን ነው አልኩ። ደግሞስ እንግዳ ሲመጣ ገመናውን ዘርግቶ የሚያሳይ ማን አለ?

ኅዳር 21

መጡ! ከየት ልጀምር...

ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። አጠብኳት፣ አበጠርኳት፣ ቀሚሱን አለበስኳት። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወርዳል፣ እግሯ አይታይም። የመጸዳጃ ባልዲዋንና ባለጎማ ወንበሯን እኔ ቤት ወሰድኩ። ባሌ "ቤቴን ሆስፒታል አደረግሽው እንዴ?" እያለ አጉረመረመ፣ ግን ወንበሩን የገፋው እሱ ነው። ፍራሹ ላይ ያለውን ላስቲክ ገፈፍኩ። ከዚያ የስፌት መኪናዋን አስደግፌ አቆምኳት። ቆመች። ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

ገምጋሚዋ ድምፀ ለስላሳ፣ ደግ ሴት ናት። ቢጫዋን "አንቺ በር ላይ ጠብቂ" አለቻት።

"እናት፣ ይቀመጡ እንጂ።"

"መቀመጥ ሰለቸኝ ልጄ።"

"የሚያጥብዎት ሰው አለ?"

"ምነው፣ ሕፃን ነኝ?"

"መጸዳጃ ቤትስ?"

"እንደ ማንኛውም ፍጡር!"

"ወድቀው ያውቃሉ?"

"እኔ? የወደቀ አነሳለሁ እንጂ።"

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። "እውነት እንዲህ ተሽሏቸዋል?" አፌን ምን ነካው... "ኧረ ምኑን አይተሽ፣ ብንለቃት ትጨፍራለች!" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቢጫዋ ብቻ በር ላይ ቆማ አንገቷን ደፍታለች። ያመሰገንናት አሳፍሯት መስሎኝ።

ሌላውም ቤት እንደዚሁ ነው የሆነው። የጎረቤታችን የአናጢው አባት ጆሯቸው አይሰማም፤ ልጃቸው መልሱን በቃል አስጠንቷቸዋል። ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ "በጣም ደስተኛ ነኝ፣ መንግሥትን አመሰግናለሁ" አሉ አሉ።

ሰዎቹ በሩን ሲወጡ እትዬ እጄ ላይ ዝርግፍ አለች። ቀሚሱ በላብ ርሷል።

"አሳለፍኳት?"

"አሳለፍሻት።"

ኅዳር 22

ቀኑን ሙሉ ተኛች። እግሯ አብጧል። ባባነነች ቁጥር ግን ፈገግ ትላለች።

ታኅሣሥ 12

ቢጫዋ መጣች፣ ቁጭ አላለችም።

"በዚህ ሰፈር አገልግሎቱ ግቡን መቷል ተባለ።"

እልል ልል አፌን ከፈትኩ። "ታዲያ ፊትሽ ምነው?"

"ሰዎቹ ራሳቸውን ችለዋል ተብሎ እኛ ተነሳን፣ አክስቴ። የባሰ ችግር ወዳለበት ነው የሚወስዱን። በጣም ሩቅ ነው።"

መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ናት።

"ምስክር ወረቀቱን ታገኚያለሽ ማለት ነው?"

"ዓመቱ ሲያልቅ ይሰጡኛል፣ እማማ።"

"እሰይ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጅቷ የመጨረሻዬ ነው ብላ እግሯን አሸችላት። ዛሬ አልተጣሉም። እነዚያ ሁለት ወሬኞች...

ታኅሣሥ 14

አላስቻለኝም። ከሥራ ስወጣ የአገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ። አስተባባሪው ገና ልጅ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ሁሉንም ነገርኩት፦ ቀሚሱን፣ ባልዲውን፣ ትጨፍራለች ማለቴን። ይቆጣኛል ስል አዘነ።

"እናቴ፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። ሐሰት ነው ከተባለ ማን ይጠየቃል?"

"እኔ ነኛ። እኛ ነን የዋሸነው።"

"አይደለም። በየወሩ የተሻላቸውን ያልተሻላቸውን የምትጽፈው ልጅቷ ናት። አሳስታ ጻፈች ይባልና ምስክር ወረቀቷ ይታገዳል።"

"እሷ እኮ እውነቱን ነው የጻፈችው!"

"እኮ። የሷ ጽሑፍና የእናንተ አፍ ተጋጨ። የተያዘው የእናንተ ነው። አሁን እንደገና ይጣራ ከተባለ ግን፣ እውነቱን እያወቀች ለምን ዝም አለች ተብላ መከራዋን ታያለች። ከፈለጉ አቤቱታ ይጻፉ... ይምከሩበት።"

አቤቱታ ሳልጽፍ ወጣሁ።

ለእትዬ ስነግራት በደህናው እጇ አፌን ያዘች። "አንዲት ቃል ከዚህ እንዳትወጣ! እኔ ጊዜዬ ያለፈ ሰው ነኝ። እሷ ትማርበት።"

"አንቺስ?"

"አንቺ አለሽልኝ አይደል?"

አለሁላት... ግን ዳቦ ቤቱስ? አንድ እኔ ስንት ቦታ ልሁን?

ጥር 8

እኔ እንጀራ ፍለጋ ስወጣ እትዬ ቀን ቀን ለብቻዋ ትውላለች። ከመውጣቴ በፊት አጥባታለሁ፣ ውሃ አጠገቧ አኖራለሁ፣ ስመለስ ሮጬ እገባለሁ። የልጅቷን ያህል ማንሳት ግን አልችልበትም፣ ወገቤ አሻፈረኝ ይላል። እግሯን የሚያጥፍላት የለም፤ እንደ ደረቀ እንጨት ሆኗል። ለሹፌሩ ልጇ ልንገረው ስል "ሚስቱ አራስ ናት፣ ተዪው" አለችኝ። ሴት ልጅ ነው የተወለደችው። በስሟ ጠርተዋታል።

ወሬዋ ቀንሷል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ያለችኝ "ሻዩ ቀዘቀዘ" ብቻ ነው።

ጥር 23

ወደቀች። ቤት ስገባ ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ነበረች። ከመቼ ጀምሮ እንደወደቀች አልነገረችኝም። "ግድግዳውን መትቼ ነበር" አለች... ማን ይሰማል፣ እኔ ዳቦ እየሸጥኩ።

ዳሌዋ ተሰብሯል። ባሌና አናጢው ተሸክመው መኪና ውስጥ አስገቧት። ሐኪሙ "ይህን ያህል ጊዜ ከአልጋ ሳትነሳ ከቆየች ጡንቻዋ እንዴት ይችላል? የሚያንቀሳቅሳት ሰው አልነበራትም?" አለኝ። ነበራት አልኩት።

የካቲት 2

ሄደች። ሹፌሩ ልጇ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶባታል። እኔ አልደረስኩም።

መጋቢት 11

ከጽሕፈት ቤቱ ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው፣ የማላውቃት። ለክትትል ነው አለች። "ጎረቤትዎ አሁን እርዳታ ያስፈልጋቸዋል?"

"አያስፈልጋትም" አልኩ።

"በጣም ጥሩ" ብላ ዘጋችው።

ሚያዝያ 6

ዛሬ ሰው በዛብኝ። ጠዋት ሹፌሩ መጣ፣ የቀረውን ዕቃ ጫነ። የስፌት መኪናዋን "እርስዎ ይውሰዱት" አለኝ፤ የት አደርገዋለሁ፣ ለልጅህ ይሁን አልኩት። የአናጢው አባት ብቅ ብለው በረንዳው ላይ ትንሽ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ቤቱን አዳዲስ ተከራዮች ሊያዩት መጥተው ነበር፤ ባልና ሚስት ናቸው። "ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል?" ብለው ጠየቁኝ። አያሳልፍም አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ቢጫዋ መጣች። ሰደርያውን አውልቃለች፤ መጀመሪያ አላወቅኋትም። ምስክር ወረቀቱን ሰጥተዋታል። ነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትገባለች። የእትዬን መርዶ የሰማችው ከሹፌሩ ነው። ባዶው ክፍል መሀል ቆመች።

"ያን ቀን እግራቸው ከቀሚሱ ሥር ሲንቀጠቀጥ ከበሩ ሆኜ አየሁት" አለች። "መናገር ነበረብኝ፣ አክስቴ። ምስክር ወረቀቴን ሳስብ ዝም አልኩ።"

"እኛ ነን ዝም ያሰኘንሽ።"

"እኔ ከሄድኩ በኋላ ወድቀው ነበር?"

ሹፌሩ ይሄንን አልነገራትም ማለት ነው። አየኋት። ያቺ ክር የምታክል ልጅ። ገና ስንቱን ልታነሳ።

"አንድ ቀንም አልወደቀችም" አልኳት። "በእንቅልፏ ነው የሄደችው።"

ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። ያቺን እግር በእጇ ይዛ የምታውቅ ልጅ ናት፣ ምን አድርጋ ታምነኛለች።

"እሺ፣ አክስቴ" አለች።