ካርድህን ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ

ወንድሜ፣
ቀኑን ሙሉ የሰው ኮምፒውተር ስጠግን የምውል እህትህ እዚሁ እያለሁ፣ ስለ ግራፊክስ ካርድህ ሙቀት ያን በኢንተርኔት አብሮህ የሚጫወተውን «ካፒቴን» ማማከርህ አንጀቴን አሳርሮታል። አዎ፣ ቀንቻለሁ።

ጠዋት ኮምፒውተርህን ፈታሁት። የማራገቢያዎቹን አቧራ ጠረግኩ፤ ካርዱ የሚወስደውንም ቮልቴጅ ትንሽ ቀነስኩለት። ከሰማንያ አራት ዲግሪ ወደ ስልሳ ሰባት ወርዷል፤ ያ ጩኸትም ጠፍቷል። ሳጥኑን መልሰህ ከግድግዳ ጋር እንዳታጣብቀው፤ አየር ያጣል።

ስሞክረው የአንተና የ«ካፒቴን» መልእክት ተከፍቶ ነበር።
አነበብኩት። ማንበብ አልነበረብኝም።
«እህትህን ለምን አትጠይቃትም?» ሲልህ፣ «እሷማ ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች፤ ግን ደክማ ስለምትገባ ታሳዝነኛለች» ብለኸዋል።

ይህን ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

አስራ አንድ ሰዓት እገባለሁ። ጨዋታውን ለእኔም አስተምረኝ።