ለጌታው ጆሮ የሚሆን ኮምፕሬሰር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የጊታሩን ክር ቀየርኩ። ቀጭኗ ገና አልረጋችም፣ በየአምስት ደቂቃው ትወርዳለች... ነገ ትለምዳለች።

ቤዝ የሚጫወተው የባንዱ አለቃ ከመድረክ ስንወርድ የተናገረኝ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም ነበር። «ግማሹ ድምፅሽ ይጮኻል፣ ግማሹ ታሟል» ነው ያለኝ። ምን ይባላል? እውነቱን ነው። አምና የእጄ አንጓ ከተሰበረ ወዲህ የቀለበት ጣቴ አቅም የላትም። አውራ ጣቴ ወፍራሙን ክር ሲመታ ቤቱ ይነቃነቃል፣ እሷ ቀጭኑን ስትነካ ግን የነካችም አትመስል። ኮምፕሬሰር ፔዳል ግዢና ተገላገይ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ገዛሁ። ያገለገለ፣ ቀይ፣ ጥጉ የተላጠ። እግሬ ሥር አድርጌ ስረግጠው የጮኸውን ድምፅ ጫን ያደርገዋል፣ ያነሰውን ከፍ ያደርገዋል። የቀለበት ጣቴ ከእህቶቿ እኩል ሰው ሆነች። ደስ ብሎኛል።

ጌታውም የጆሮ መሣሪያ ካደረገ ሳምንት ሆነው። (ባሌን ጌታው የምለው ማዘዝ ስለማያውቅበት ነው።) ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ማሽን ሥር ቆሞ፣ ጆሮውን እዚያው ትቶ ጡረታ ወጣ። ያለፉትን ስምንት ዓመታት የተነጋገርነው በጩኸትና በጥቅሻ ነው። አሁን ሁሉም ነገር አዲስ ሆኖበታል። የቧንቧውን ጠብታ ሰምቶ ሄዶ አጠበቀው። ነጠላ ጫማው ድምፅ እንዳለው ዛሬ ገና አወቀ፣ ኮሪደሩን ሦስቴ ተመላለሰበት። አንጀቴን በላው። ሲመለስ እንዳላየሁት ሆንኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከምሳ በኋላ ተለማመድኩ። ጌታው እንደ ወትሮው መስኮቱ ጥግ ያለው ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀመጠ። ከተጋባን ጀምሮ ቦታው እዚያ ነው። መስማት ባቆመባቸው ዓመታት እንኳ እጄን እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ደግሞ አይስትም፣ ምቱን ከእጄ ያነበዋል።

ዛሬ ግን ዘፈኑ ሳይጋመስ ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ። ምነው ብለው ሥራ አለብኝ አለኝ። የምን ሥራ? ሄጄ ሳይ የታጠበ ብርጭቆ እያጠበ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዛሬም ተነሣ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ያየሁትን ለመጻፍም ያሳፍራል። ጊታሩን ሳነሣ በቁም ሣጥኑ መስታወት አየሁት። ጀርባዬን ስለሰጠሁት የማላየው መስሎት ሁለቱን መሣሪያዎች ከጆሮው አወጣ። ትንሿ ሣጥናቸው ውስጥ ከተታቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

መጫወቴን አላቆምኩም። ምን እንደተጫወትኩ ግን አላውቅም።

ስምንት ዓመት ሙሉ ጆሮህን ታየው፣ ታየው እያልኩ የጨቀጨቅኩት ማን ሆኖ? እኔ። ለምን? እንዲሰማኝ አይደል? ይኸው ሰማኝ። ሰምቶኝ ደግሞ አለመስማትን መረጠ። ያን ሁሉ ዓመት የወደደልኝ ስላልሰማኝ ይሆን እንዴ? ድሮ ስንተዋወቅ ጆሮው ደህና ነበር... ግን ያኔ ሁለታችንም ልጆች ነበርን፣ ጊታሩን ይስማ እኔን ይይ ማን ያውቃል?

ሆዴ ባብቷል። ለማን ይነገራል ይሄ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አልተለማመድኩም። ጌታው ምነው ዛሬ ብሎ ጠየቀኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ምሳው ላይ ጨው አበዛሁበት። ሆን ብዬ አይደለም። ምናልባት ሆን ብዬ ነው። ዝም ብሎ በላው፣ ውኃ ግን ደጋግሞ ጠጣ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ተናገርኩ። የታጠበ አንሶላ እያጠፍን፣ እሱ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን... አላስቻለኝም።

«አጨዋወቴን ካልወደድከው ንገረኝ። መሣሪያውን ስታወጣ አይቼሃለሁ።»

አንሶላውን ለቀቀው። እንዳየሁት አላወቀም ነበርና ደነገጠ። አጨዋወትሽን መቼ ሰማሁት አለኝ። ከጊታሩ ኋላ ሽሽሽ የሚል ነገር ይሰማዋል። ክሩን ስመታ አይሰማም፣ መትቼ ዝም ስል ግን ቀስ እያለ ይመጣል፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ። ይሄ ሁሉ የጆሮ መሣሪያው ብልሽት መስሎታል ምስኪን።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ተበላሸ ካልኩ መልሰው ይወስዱብኛል ብዬ ነዋ። ገና ድምፅሽን ሰማሁ ስል።» አንሶላውን ከመሬት አነሣ። «ደግሞ አንቺ ሙዚቀኛ ነሽ። ቢኖር ኖሮ ቀድመሽ አትሰሚውም ነበር?»

የምን ሽሽሽ? ቀዩን ፔዳል ከፍተን ሞከርን። አንድ ክር መታሁ፣ እስኪሞት ጠበቅን። ጌታው ይኸው፣ ይኸው መጣ ይላል፤ እኔ የምሰማው ባዶ ክፍል ነው። ፔዳሉን ሳጠፋው ጠፋ አለኝ። ስከፍተው መጣ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬው እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

አጨዋወቴስ ብዬ ጠየቅኩት። ካልጠየቅኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቃለሁ።

«ዝም የሚል ዕቃ አምጪ፣ ሰምቼ እነግርሻለሁ።»

ጥሩ ነው ቢለኝ ምን ነበረበት? ግን ጌታው መዋሸት አይችልበትም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ቀዩን ፔዳል ይዤ ሽቦ ጋ ሄድኩ። ሽቦ የሙዚቃ ዕቃ ጠጋኛችን ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሥራው ይሁን ከቅጥነቱ ተረስቷል። መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅሎ በባትሪ ሞከረው። እምምም የሚለው ሄደ፣ ሽሽሽ የሚለው ቀረ አለ። እምምሙ የገመዱ ነው፣ ሽሽሹ የራሱ የፔዳሉ። የጆሮ ማዳመጫውን አቀበለኝ።

አልሰማሁም። ድምፁን ጨመረ። አሁንም አልሰማሁም። በጣም ሲጨምረው... አዎ፣ ከሩቅ የሆነ ነገር።

ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ ስንት ዓመት ነው የድራሙ ሲምባል አጠገብ የቆሙት?»

ሃያ ስድስት። በቀኝ ጆሮዬ በኩል።

ኩም አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ባሌ ደንቆሮ ነው እያልኩ ባንዱን ሳስቅ፣ የራሴ ጆሮ ሳይሰናበተኝ ወጥቶ ሄዷል።

ሽቦ ሻይ አስመጣልኝ፣ ደግ ነው። ነገሩን እስኪገባኝ አስረዳኝ። ኮምፕሬሰር ትንሹን ድምፅ ፈልጎ ያነሣል፤ ክሩ ሲሞት የሚያነሣው ሲያጣ የራሱን ሽሽታ ያነሣል። የጌታው የጆሮ መሣሪያ ውስጥም ያለው ያው ኮምፕሬሰር ነው አለኝ። የኔው ያነሣውን የሱ ተቀብሎ ደግሞ ያነሣዋል። ሁለታችንም ኮምፕሬሰር አድርገን ነው የተቀመጥነው ማለት ነው... ሳቄ መጣ፣ ሻዩ ትን አለኝ።

ሦስት ፔዳሎች ከመደርደሪያ አወረደ። እዚሁ ይምረጡ ሲለኝ በየትኛው ጆሮዬ አልኩት። ሦስቱንም ለአንድ ቀን አዋሰኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ጌታው መረጠ።

ማተሚያ ቤት የመጨረሻ ሥራው የታተመ ገጽ ላይ በማጉያ መነጽር ነቁጥ መፈለግ ነበር። ዛሬ ያ ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ወረቀት አመጣ፣ በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፈለው። እርሳሱን እንደ ድሮው ጆሮው ላይ ሊሰካ ሲል መሣሪያው ቦታውን ይዞበታል፤ ግራ ገብቶት ኪሱ ከተተው። የማቀዝቀዣውን ገመድ ከግድግዳ ነቀለ፣ መስኮቱን ዘጋ። በይ ምቺ አለኝ።

አንድ ክር እመታለሁ፣ እጄን አነሣለሁ፣ እስኪሞት ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል።

አረንጓዴው ፔዳል ላይ አራት ሲቆጥር ሽሽታው መጣ አለ። እኔ ደግሞ የወደድኩት እሱን ነበር፣ ድምፁ ይሞቃል። ተከራከርኩ። አንተ ምን ታውቃለህ ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ጥቁሩ ዝም ይላል፣ ሽሽታ የለውም፤ ግን ሁሉንም ድምፅ አንድ ላይ ጨፍልቆ ገንፎ አደረገው። ጌታው ፊቱን አኮሳተረ። «ይሄ ዝም ይላል፣ ግን አንቺንም ዝም ያሰኝሻል» አለ።

የቀረው ግራጫ ነው። ቀለም እንኳ በወጉ አልተቀባም። የተጫነውን ድምፅ ካልተነካው ጋር የሚቀላቅል ማዞሪያ አለው። ጌታው አጎንብሶ ራሱ አዞረው፣ ቀለም እንደሚመጥን ሰው ጥቂት በጥቂት። ግማሽ ላይ ተወው። መታሁ። ጠበቅን። እንደ ልማዴ ምንም አልሰማሁም። የሱን ፊት ነው የማየው። ሰባት ቆጠረ፣ ስምንት... ዓይኑን ገለጠ።

«የለም።»

የቀለበት ጣቴ አሁንም ከአውራ ጣቴ ትንሽ ታንሳለች። ትነስ። ቢያንስ ራሷን ሆና ነው የምትሰማው።

ከዚያ አንድ ሙሉ ዘፈን ተጫወትኩለት። አልተነሣም። መሣሪያውን አላወጣም። ስጨርስ እህሳ አልኩ። አንዴ ሰምቼ አልፈርድም አለኝ። ወይ ጌታው!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ግራጫውን አስቀረሁት። ሽቦ ማን መረጠልዎት ቢለኝ ባሌ አልኩት፣ ኮራሁ። እስካሁን አራት ጊዜ ሰማኝ። ፍርድ የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ትናንት መድረክ ላይ አለቃችን ታማሚዎቹ ተነሥተዋል አለኝ። ከሱ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን የምጠብቀው ሌላ ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ጌታውን የምታየው የጆሮ ባለሙያ ዛሬ እኔን አየችኝ። እምቢ ብዬ ነበር፤ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ አስገባችኝ። ድምፅ ስትሰሚ ቁልፉን ተጫኚ አለችኝ። የመጀመሪያዎቹን ሰማሁ። ከዚያ ዝም ሆነ። ዝምታው ረዘመ... ድምፅ እየላከችልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ምንም የለም። ቀና ስል ጌታው ከባለሙያዋ ጀርባ ቆሟል፤ እሷ ድምፅ በላከች ቁጥር ቅንድቡን ያነሣልኛል። ተጫንኩ። ቅንድብ፣ ተጫንኩ። ለሁለት ደቂቃ የአሥራ ስምንት ዓመት ጆሮ ኖረኝ። ባለሙያዋ ወረቀቱን አየች፣ ተጠራጠረች፣ ዘወር አለች። ጌታውን ከክፍሉ አስወጥታ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ከላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ሄደዋል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለመጠበቅ መድረክ ላይ የጆሮ መድፈኛ እንዳደርግ ነገረችኝ፤ የጆሮ መሣሪያ ግን ገና አያስፈልግሽም አለች። ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ጌታው ቦርሳዬን ተቀብሎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና አጠገቤ ቆመ። የሴት ቦርሳ ተሸክሞ እንዲያ በክብር የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ጊታሩን እሱ ራሱ አመጣልኝ። ተጫወትኩ። ስጨርስ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ገጽ እንደማርም ስህተት ልለቅም ብዬ ነበር የቆየሁት» አለኝ። «በየመሀሉ እየረሳሁት ተቸገርኩ። በጣም ነው የሚያምረው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ትቸኩያለሽ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ስጫወት እንዲህ ያስደሰተኝ ወቀሳ የለም። የቱና የቱ ጋ ብዬ ጠየቅኩት፣ ሁለቱንም ልክ ነገረኝ።

ሦስት ቦታ ነው የምቸኩለው። ሦስተኛውን ራሱ ይድረስበት ብዬ አልነገርኩትም።