የገረጡት አይጦችና ያንቺ ሳቅ

ውድ ዝምተኛዬ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። የማታ ትምህርት አስተማሪያችን «እንዳንተ ቶሎ ፊደል የገባው ሰው አላየሁም» ብላኛለች። ከእኔ ሌላ ያሉት ተማሪ መነጽራቸውን እየረሱ የሚመጡ አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው፤ እሱን ተዪው።

ወደ ላይኛው ፎቅ ከተዛወርሽ ወዲህ ቅናት ሊገድለኝ ነው። እዚህ ታች የላቦራቶሪውን አይጦች ሣጥን አብረን ስናጥብ እኔ አወራ ነበር፣ አንቺ ትሰሚ ነበር። አሁን ያ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ቴክኒሻን ሲያስቅሽ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። አለቃችን ዘንድ ሄጄ «እሷ ከሌለች ሥራው አይሄድም፤ መልሱልኝ» አልኩት።

«ሰኞ ራሷን እጠይቃታለሁ፤ እሺ ካለች ትመለሳለች» አለኝ። ደስታዬን ምን ልንገርሽ!

ትናንት ግን ዶክተሯ ደም ያነሳቸውን አይጦች ስታይ ሣጥን ያዥ አደረገችኝ። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሁለቱም ጆሮ ገርጥቶ ወረቀት መስሏል።

«የዚችኛዋ ደም የሚሠራው ዘር ራሱ ደካማ ነው» አለችኝ። «የዚያችኛዋ ዘር ግን ደህና ነው። አጥንቷ ውስጥ ያለው ማደሪያው ነው ያልተስማማው።»

«ታዲያ ሌላ ጥሩ ዘር ብትጨምሩላትስ?»

«እዚያ ከገባ እሱም ይሰንፋል። የዚያችኛዋን መቅኔ ወስደን ለዚችኛዋ ዓይነት ስንሰጥ ግን ይኸውልህ!» ብላ ሌላ ሣጥን ከፈተች። የአይጧ ጆሮ ቀልቷል።

«ያው ከገረጣችው የመጣው ዘር ነው?»

«ያው ነው። ቦታ ብቻ ነው የቀየረው።»

ከዚያ መኖ ተሸክሜ ወደ እናንተ ፎቅ ወጣሁና በበሩ መስታወት አየሁሽ። ሸንበቆው የለም። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠሽ የምታወሪው አንቺ ነሽ፤ እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ይንከተከታሉ። አንቺ! ከእኔ ጋር «እህ» እና «ተው እንጂ» ብቻ የምትይው! በሰው መቅናት ቀላል ነው፤ ቢብስ ጠልፎ መጣል ነው። በክፍል እንዴት ይቀናል? እኔ ግን ቀናሁ። በመስኮቱ፣ በወንበሮቹ፣ በውኃ ቧንቧው ሳይቀር።

ሰኞ አለቃችን ሲጠይቅሽ «አልመለስም» በዪው። ይቺን ስጽፍ ፊደሉ የተጣመመው እጄ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ ችሎታ አንሶኝ አይደለም።

ብቻ በሻይ ሰዓት ልምጣና አንዱ ወንበር ላይ ልቀመጥ። አንቺ አውሪ፣ እኔ ልስማ። አፌን መዝጋት እንደምችል እንጃ፤ ግን ይኸን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንውል ያንቺን ወሬ አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም።

ቀናተኛሽ፣
የታችኛው ፎቅ አይጦች ንጉሥ